ምዕራፍ አምስት፦ ጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ከዚያስ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ፣ ዝናብ ያረሰረሰው ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ወሬው እንደተሰማ አገሬው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ መጣ፤ የሌለው ጭቃውን በእጁ ይጭር ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ከገበሬው እኩል ይቆፍሩ ነበር። ሁለተኛው ናዳ የወረደው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ቀን ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች የሚበዙት ሰው ሊያወጡ የሮጡት ናቸው።

ናዳ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናብ ሲበዛ ውሃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይገባና አፈሩን ያከብደዋል፤ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚቆምበትንም ጉልበት ያሳጣዋል። ግርጌው ሲንሸራተት ከላይ የቀረው መሬት ደጋፊ ያጣል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ቁልቁለቱ ገደል ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ናዳ በኋላ ያሉት ሰዓቶች ከናዳው በፊት ከነበሩት ይልቅ ያስፈራሉ። የሠለጠነ የነፍስ አድን ቡድን ቢሆን ቁፋሮ ሳይጀመር ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ስንጥቁን የሚመለከትና አደጋ ሲያይ የሚጮህ ሰው ያቆማል። በኬንቾ ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር እንበል። የወንድሙ ልጅ ጭቃ ሥር ሆኖ እሱ ተራራ ሲመለከት የሚቆም ማን ነው?

ስለ አደጋ እርዳታ የሚነገረው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ጭነት ይራገፋል፣ ድንኳን ይቆጠራል፣ ባለሥልጣን ይጨብጣል። ነፍስ የሚተርፈው ግን አውሮፕላኑ ሳይነሣ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ንጋት ላይ የጃፓኗን የኮቤ ከተማ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጃፓን ለመሬት መንቀጥቀጥ በመዘጋጀት ዓለም የሚያውቃት አገር ናት። እንዲያም ሆኖ ፍርስራሽ ከተጫናቸው 35,000 ያህል ሰዎች መካከል 27,000 የሚሆኑትን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እሳት አደጋው፣ ፖሊሱና ጦሩ የደረሱት ለቀሩት ነው። ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ በሆነችው በአዋጂ ደሴት፣ ሆኩዳን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች የፍለጋ ሥራቸውን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረሱ። ምስጢሩ መሣሪያ አይደለም። አያት የሚተኙት በየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ማን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ እንደሄደና ቤቱ ባዶ እንደሆነ ያውቁ ነበር። የት እንደሚቆፍሩ አወቁ፤ የት እንደማይቆፍሩም አወቁ።

ጎረቤት ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ታዲያ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለምን ያስፈልጋሉ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ከእድር መነሣት ይሻላል።

የእድርን ዕቃ ቤት ከፍታችሁ እዩ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጎላ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ የውሃ በርሜል። አንድ የእርዳታ ድርጅት በመጋዘን አስቀምጦ አደጋ ሲመጣ የሚያወጣው ዕቃ ከዚህ ብዙም አይለይም። እድር በዚያ ላይ ድርጅቱ የሌለው ነገር አለው፦ መዝገብ። የእርዳታ ሠራተኛ አንድ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈጀው ጊዜ በምዝገባ ነው። ማን የማን ቤተሰብ ነው፣ ስንት ልጅ አለው፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አለ ወይ? የእድሩ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በደብተር ይዞታል፤ ደብተሩ ቢጠፋ በቃሉ ይወጣዋል። ጡሩንባ ነፊው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው። ለቅሶ የቀረ አባል ላይ የሚጣለው መቀጮ ደግሞ ሰው ሲጠራ እንዲመጣ የሚያደርግ ሕግ ነው። አብዛኛው ድርጅት በጎ ፈቃደኞቹን በዚህ ልክ መቅጣት አይችልም፤ ቢችል ደስ የሚለው ብዙ ነው።

ነገር ግን እድር የተሠራው ሞት በየተራ ይመጣል በሚል ስሌት ነው። መቶ አባላት ካሉት እድር ውስጥ በወር አንድ ቤት ሐዘን ቢገባ ዘጠና ዘጠኙ አንዱን ይደግፋሉ፤ ሳጥኑም ይችላል። ጎርፍና ናዳ ተራ አይጠብቁም። የሚሰጠውም የሚቀበለውም በአንድ ሌሊት ሐዘንተኛ ይሆናል፣ ድንኳኑ ራሱ በጎርፉ ይሄዳል፣ ገንዘብ ያዡ ከሞቱት አንዱ ይሆናል። የኢንሹራንስ ሰዎች ይህን ዓይነቱን አደጋ ከሁሉ ይልቅ ይፈሩታል፤ መዋጮ የሚከፍሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካሳ ጠያቂ ያደርጋቸዋልና። መውጫው አንድ ነው፦ ገንዘቡ፣ እህሉና ጉልበቱ ዝናቡ ካልጣለበት፣ መሬቱ ካልተንቀጠቀጠበት ቦታ መምጣት አለበት። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ጎረቤት ቅርብ በመሆኑ ያድናል፣ ቅርብ በመሆኑም አብሮ ይመታል። ሩቅ ያለው አይመታም፤ ስለዚህ መስጠት ይችላል። ግን አያውቅም።

ርቀት ምን እንደሚያደርግ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን ታይቷል። ሐምሌ 30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ጥሶ ገባ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው በመካከሉ ይሄዳል፣ ይነግዳል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ በሐረርጌ ደጋ ስለሆነ ከተማው ሳይዘንብበት ጎርፉ ይደርሳል። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ተፈናቀሉ። ከሳምንት በኋላ የኦሞ ወንዝ ከዳር ዳሩ አልፎ በዳሰነች ምድር 364 ሰዎችን ገደለ። ድሬዳዋ መንገድም አውሮፕላን ማረፊያም አላት፤ ተፈናቃዩ በትምህርት ቤቶች ሲሰበሰብ የከተማው ክርስቲያንና ሙስሊም ምግብ ማብሰል ጀምሮ ነበር። በኦሞ ዳርቻ በደሴት ላይ የቀሩትን ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር ያስፈልግ ነበር። ወሩ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ እርዳታው የደረሰበት ፍጥነት ግን የተለያየ ነው።

እድር ከሁሉ በፊት የቀብር ማኅበር መሆኑ ስለ አደጋ የሚናገረው ነገር አለ። ብዙ ሰው ሲሞት ባለሥልጣናት መጀመሪያ የሚፈሩት ወረርሽኝ ነው። «አስከሬኑ በሽታ ያመጣል» ይባልና በግሬደር ጉድጓድ ተቆፍሮ ስምም ምልክትም ሳይኖር ጅምላ ቀብር ይፈጸማል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በኮሌራ ወይም በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በጎርፍ፣ በናዳ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተው ግን ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ነው፣ በሞቱ ተላላፊ አይሆንም። ወረርሽኝ የሚነሣው በሕይወት ከተረፉት ነው፤ ተጨናንቀው ሲኖሩ፣ ውሃቸው ሲበከል፣ መጸዳጃ ሲያጡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል መመሪያዎች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ፤ አደጋ በመጣ ቁጥር ግን ያው ስሕተት ይደገማል።

የሟቹ ቤተሰብ ጉዳት ደግሞ በዚያ አያበቃም። አስከሬን ያላገኘች ሚስት የሞት ማስረጃ በቀላሉ አታገኝም፤ ማስረጃ ከሌለ ውርስ፣ የባንክ ደብተር፣ የመሬት ይዞታ ሁሉ ይንጠለጠላል። በልብ ያለው ነገር ከዚህ ይብሳል። ፍትሐት ያልተደረገለት፣ ሰላተል ጀናዛ ያልተሰገደበት ሰው ለቤተሰቡ ገና በመንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ካህኑና ኢማሙ ከሐኪሙ እኩል ባለሙያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካን ኢቦላ ሲያጠቃ ሕዝቡ በነጭ ላስቲክ የተጠቀለሉ ሰዎች ሬሳውን ነጥቀው ሲወስዱ ያይና ይደብቅ ነበር። መመሪያው ተለውጦ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ እንዲያይ፣ የሃይማኖት አባት ጸሎት እንዲያደርግ ሲፈቀድ መደበቁ ቀነሰ። ብርድ ልብስና ዘይት ብቻ የሚቆጥር ድርጅት ይህን በሪፖርቱ የሚያስገባበት ሳጥን የለውም።

አሁን ሩቅ ወዳለው እንሂድ። የሩቁ ሰው ችግር ልቡ አይደለም፤ ልቡ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በ14 አገሮች ከ220,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል ዓለም 13.5 ቢሊዮን ዶላር አዋጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ትልቁ ግምገማ ለአንድ ተጎጂ የደረሰውን ድርሻ ከ7,100 ዶላር በላይ አድርጎ አስልቶታል። በዚያው በ2004 በባንግላዴሽ ጎርፍ ለተጎዳ ሰው የወጣው ሦስት ዶላር ነበር። ሱናሚው በፈረንጆች ገና ማግስት መጣ፣ ቱሪስቶች በካሜራ ቀረጹት፣ ምዕራባውያንም ሞቱበት። የባንግላዴሽ ጎርፍ ግን በየዓመቱ የሚመጣ፣ ምስሉ የተለመደ ነው። ሱናሚው ሳምንት እንዳለፈው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዚህ አደጋ በቂ ገንዘብ አግኝቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ አትስጡኝ ብሎ ሲያስታውቅ ሌሎቹ ድርጅቶች ተቆጡ። እኔ በዚህ ዘርፍ ከተነገሩት ሁሉ ይህን የመሰለ ቅን ቃል ጥቂት ነው እላለሁ።

ገንዘብ ሲበዛ ቢያንስ ባንክ ውስጥ ይተኛል። ዕቃ ሲበዛ ግን መንገድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ከዓለም ዙሪያ ተላከላት። ምን እንደመጣ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ለዩ። ከፊሉ ጊዜው ያለፈበት ነበር፣ ከፊሉን ውርጭ አበላሸው፤ ከቀረው ውስጥ ምንነቱ በቀላሉ የሚታወቀው ሲሶው ብቻ ነበር። ትምህርት ተወስዷል እንዳንል፣ ከ16 ዓመት በኋላ የኢንዶኔዥያዋ አቼ ከሁለት ሚሊዮን ላነሰ ሕዝብ 4,000 ቶን መድኃኒት ተራግፎላት፣ አብዛኛው በአካባቢው ማንም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። አሮጌ ልብስም እንደዚሁ ነው። በበረዷማ አገር የተሰበሰበ ካፖርት በሙቀት ወገብ ላይ ክምር ሆኖ ሲበሰብስ፣ ልብሱን ለመለየትና ለመጣል የሚወጣው ጉልበት ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችል ነበር። ይህን የሚልክ ሰው ክፉ አይደለም። ተቀባዩን ግን አልጠየቀውም።

እንግዲህ ቅርብ ያለው ያውቃል፣ አቅም የለውም፤ ሩቅ ያለው አቅም አለው፣ አያውቅም። የሃይማኖት ተቋማት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የሚታየውም ከሰው ሁሉ ይልቅ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ ሰው አላቸው። ገጠር ያለች ደብር ሀገረ ስብከት አላት፤ ሀገረ ስብከቱ ጠቅላይ ቤተ ክህነት አለው፤ እሱም በውጭ አገር እኅት አብያተ ክርስቲያናት። መስጊዱ ጀማዓ አለው፤ ዘካና ሰደቃው ከሩቅ ከተማ፣ ከሌላ አገርም ይመጣል። መንገዱ አደጋው ሳይመጣ በፊት የተጠረገ ነው። ሰበካ ጉባኤው የሚላክለትን ሰው ያውቀዋል፤ ላኪውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የውጭው ድርጅት የፕሮጀክት ዘመኑ ሲያልቅ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ቄሱ የትም አይሄድም።

የዚህ አሠራር ትልቁ ፈተና በአገራችን ነው የተደረገው። የስድሳ ስድስቱ የወሎ ረሃብ ሲጋለጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ አብያተ ክርስቲያናትና የሃይማኖት ድርጅቶች በየፊናቸው የሚሮጡትን ሩጫ አንድ የሚያደርግ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ሲሲአርዲኤ በሚል ምሕጻር የምናውቀው ኅብረት መነሻው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በዚያው ሰሞን የተመሠረተ ነው። ሰባ ሰባት ሲመጣ ነገሩ ከበደ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የኮረም ምስል በቢቢሲ ሲታይ ገንዘብና እህል ከዓለም ዙሪያ ጎረፈ፤ ድርቁ ግን ከጦርነቱ ጋር ተያይዞ ነበር። ለጋሽ መንግሥታት እህሉን ለደርግ መስጠት አልፈለጉም። ደርግም በአማፂያን እጅ ላለው ሕዝብ እህል እንዲሻገር አይፈቅድም።

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ ተጣመሩ። ይህ ጥምረት ኋላ ጄአርፒ ተባለ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ገባችበት። በመንግሥት በኩል ያለውን ሕዝብ በወደብና በአገር ውስጥ መንገድ ያደርሱለት ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ካርቱም ላይ የአስቸኳይ እርዳታ ዴስክ የሚባል የአብያተ ክርስቲያናት ጥምረት ነበር፤ የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ከሌሎች ጋር ሆኖ በሱዳን ድንበር አሻግሮ ሌሊት ሌሊት በጭነት መኪና ወደ ትግራይና ኤርትራ እህል ያስገባ ነበር። ሌሊት የሆነው ቀን የአየር ኃይሉ አውሮፕላን መኪኖቹን ስለሚያሳድድ ነው። አንድ የሉተራን ቤተሰብ አንዱ እጁ አዲስ አበባ፣ ሌላው እጁ ካርቱም ነበር ማለት ነው። ስለ ካርቱሙ ሥራ ጮክ ብሎ መናገር የአዲስ አበባውን ሥራ ያዘጋ ነበርና ዝም ተባለ። ዝምታው ዛሬም ያከራክራል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ሻዕቢያ ምፅዋን ሲይዝ የሰሜኑ ዋና በር ተዘጋ። ያን ጊዜ ጄአርፒ ከደርግም ከሕወሓትም ጋር ተነጋግሮ ከአሰብ በደሴ በኩል፣ የጦር ግንባሩን አቋርጦ ወደ ትግራይ የሚያልፍ የእህል መስመር አስከፈተ። «የደቡብ መስመር» ተባለ። መንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያልቻሉትን የከፈቱት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ለምን ቻሉ? ሁለቱም ወገን የሚያውቃቸው ሰዎች ስለነበሯቸው፣ በሁለቱም ወገን የቀብር ቦታ ስለነበራቸው ነው።  ሹፌሮቹም በግንባሩ መካከል ማለፋቸው ቀላል አልነበረም፤ ከሁለቱም በኩል ያነጣጠረ መሣሪያ ነበረ።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጠም ነበር። ደርግ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ወደ 600,000 ሰዎችን በሠፈራ ሲያንቀሳቅስ፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳዩ ክፍል ሠፈራው በኃይል የሚፈጸምና ሰው የሚገድል ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ፣ አብዛኞቹ የሃይማኖት ድርጅቶች ጭምር፣ አፋቸውን ይዘው ቆዩ። ማን ትክክል ነበር? የተባረረው እውነቱን ተናግሯል፤ በማግስቱ ግን ሕመምተኛው ሐኪም አልነበረውም። የቆየው ሕፃናትን መግቧል፤ ምግቡም ሰውን ወደ መመዝገቢያ ጣቢያ ለመሳብ አገልግሏል። እኔ ለአንደኛቸው ብቻ መፍረድ ይከብደኛል፤ ሁለቱም ዓይነት ድርጅት መኖሩ ግን ጥሩ ሆነ እላለሁ።

የሃይማኖት እርዳታ ከጥንት የሚከሰስበት ሌላ ጉዳይ አለ፦ በስንዴ ሃይማኖት መቀየር። የተራበ ሰው ፊት ዳቦና ስብከት አብሮ ማቅረብ ነፃ ምርጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ቀይ መስቀልና ትልልቆቹ ድርጅቶች፣ የሃይማኖቶቹም ጭምር፣ አሥር አንቀጽ ያለው የሥነ ምግባር ደንብ ተስማሙ። ሦስተኛው አንቀጽ እርዳታ የፖለቲካም የሃይማኖትም አቋም ማስፋፊያ አይሆንም ይላል። ሁለተኛው ከዚህ ቀድሞ ዘር፣ ሃይማኖትና ዜግነት ሳይለይ በችግር መጠን ብቻ ይሰጥ ይላል። ደንቡ አስገዳጅ ፍርድ ቤት የለውም፤ ፈርሞ የሚያፈርሰው አለ። ቢሆንም ተጎጂው ሊጠቅሰው የሚችል ቃል ሆነ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ከሩዋንዳ የሸሹ ሰዎች በኮንጎዋ ጎማ ተጨናንቀው በኮሌራና በተቅማጥ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 50,000 ያህሉ ሞቱ። ድርጅቶች በብዛት ነበሩ፤ የቸርነት እጥረትም አልነበረም። ያልነበረው መለኪያ ነው። ስፊር የሚባለው የጋራ መለኪያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ከዚህ ውርደት በኋላ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ለ250 ሰው፣ አንድ መጸዳጃ ከ20 ለማይበልጡ ሰዎች፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ መኝታ። ቁጥሩ ደረቅ ነው፤ ግን አንድ የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ በትምህርት ቤት ግቢ የተጠለሉ 600 ሰዎች አምስት መጸዳጃ ብቻ እንዳላቸው ሲያይ 25 እንደሚጎድል ወዲያው ያሰላበታል። መልካም ልብ ይህን ስሌት አይሠራም።

ሩቁና ቅርቡ በደንብ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፊሊፒንስ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2013 ሀያን የሚባለው አውሎ ነፋስ ታክሎባንን አወደመ፤ በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ በፍርስራሽና በአስከሬን ተሞላች፤ ነዋሪው ጥሏት መሄድ ጀመረ። ካቶሊኮች በሚበዙባት በዚህች ከተማ ጺ ቺ የተባለ የታይዋን የቡድሂስቶች በጎ አድራጎት ገባ። ጺ ቺን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋመችው ቼንግ የን የምትባል መነኩሲት ናት፤ መነሻ ገንዘቡም 30 የቤት እመቤቶች በየቀኑ ከአስቤዛቸው ቀንሰው በቀርከሃ ውስጥ የሚያጠራቅሟት ሳንቲም ነበረች። የእኛ እናቶች በማኅበር ጽዋ ሥር የሚያደርጉትን የሚመስል ነገር ነው፤ ዛሬ ግን በብዙ አገር አባላት ያሉት ድርጅት ሆኗል።

ጺ ቺ የውጭ ሠራተኛ ከማምጣት ይልቅ ነዋሪው የራሱን ሰፈር እንዲያጸዳ በቀን 500 ፔሶ ከፈለ፤ የአካባቢው ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ ግማሹን ቢሆን ነው። ለሥራው አካፋ ይዞ የመጣ ሁሉ ተቀጠረ። በሦስት ሳምንት ገደማ ጎዳናው ተከፈተ። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ገንዘቡ ያደረገው ነው፦ ሰው ብር በእጁ ሲይዝ የሸሸው ነጋዴ ሩዝ ይዞ ተመለሰ፣ ገበያው ቆመ። ስንዴ ቢታደል ኖሮ ነጋዴው የሚሸጠው አጥቶ አይመለስም ነበር። የጥሬ ገንዘብ እርዳታ በዚህ ምክንያት ነው በዓለም እየተስፋፋ የመጣው። ያለ ገደብ ግን አይሠራም። በዙሪያው ምንም እህል በሌለበት፣ መንገድ በተዘጋበት ቦታ ብር ማደል ዋጋ ማናር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ስንዴው በጭነት መኪና መምጣት አለበት። ከወትሮው እጥፍ ደመወዝ መክፈልም ጊዜው ከረዘመ ገበሬ ከእርሻው፣ ሠራተኛ ከቀጣሪው እንዲሸሽ ያደርጋል። ጺ ቺ ሥራውን በሳምንታት መዝጋቱ ትክክል ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ኢስታንቡል ላይ ለጋሽ መንግሥታትና ትልልቅ ድርጅቶች ተሰብስበው አንድ ቃል ገቡ፦ እስከ 2020 ድረስ ከእርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች ይደርሳል። ዓመቱ ሲደርስ በቀጥታ የደረሰው ከጥቂት መቶኛ አላለፈም። ምክንያቱ ክፋት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ለጋሹ የኦዲት ሪፖርት፣ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ፣ የባንክ ሂሳብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፕሮጀክት ሐሳብ ይጠይቃል። እድር ይህን ከየት ያመጣል? በእኛ አገር ሕግም እድርና እቁብ ከሲቪል ማኅበራት አዋጅ ውጭ ናቸው። ነፃነታቸውን ጠብቆላቸዋል፤ ከትልቅ ድርጅት ጋር ውል ለመፈራረም ግን ብዙዎቹ የሚጨብጡት ወረቀት የላቸውም።

ሀገረ ስብከቱ፣ የቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍሉ ወይም የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ መካከል ሊገቡ የሚችሉት እዚህ ነው፤ ኦዲተሩን እነሱ ይቻሉት፣ ደረሰኙን እነሱ ይሰብስቡ፣ ገንዘቡ ግን በአንድ ቀን ለእድሩ ይድረስ። አደጋ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ውል ግን አይጠቅምም። አስቀድሞ፣ በበጋ፣ ሊስማሙበት የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፦ የየእድሩ የአባላት መዝገብ ግልባጭ ከሰፈሩ ውጭ የት እንደሚቀመጥ፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ አብረው ቢሞቱ ማን እንደሚፈርም፤ የሌላ ሃይማኖት ተጎጂ በየትኛው በር እንደሚገባ፤ ያለ ተጨማሪ ፊርማ በመጀመሪያው ቀን ምን ያህል ብር መውጣት እንደሚችል፤ ተራራ ባለበት አገር ደግሞ ጡሩንባው ሲነፋ ማን ለመቆፈር እንደሚሮጥና ማን ከፍ ብሎ ቆሞ ስንጥቁን እንደሚጠብቅ።